የእኔና የእነሱ ሻትል

ቨርጂኒያ ውስጥ የሆቴል ሻትል እነዳ ነበር። ከደለስ ኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ደለስ፣ ቀኑን ሙሉ። እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ «ሚኒባስ ነው» እላታለሁ፤ ሌላ ምን ብዬ ላስረዳት?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 መጀመሪያ አለቃዬ ጠራኝና መስመሩ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ ዛለ። ጠዋት ጠዋት ጎማ፣ ዘይት፣ መብራት፣ በር እያየን የምንሞላት ወረቀት አለች። እኔ ወንበሬ ላይ ቡናዬን እየጠጣሁ ራይት ራይት አድርጌ አስገባት ጀመር። ሊዘጋ ለደረሰ መስመር ማን ጎንበስ ይላል?

ኤፕሪል 17 ማክሰኞ ነበር፤ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን። እንቅልፍ አልጠገብኩም፤ ሆዴ ግን ጠግቧል። የዚያን ዕለት ዲስከቨሪ የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር (እሷንም ሻትል ይሏታል) በቦይንግ 747 ጀርባ ታዝላ ከፍሎሪዳ ትመጣለች ተብሎ አገሩ ሁሉ አንጋጧል። ደለስ አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ልትገባ ነው። 39 ጊዜ ጠፈር ደርሳ ተመልሳለች። ይህን የነገሩኝ ከኋላዬ የተቀመጡት ብቸኛ ተሳፋሪ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ያሳሰበኝ የመኪናው መዓት ነበር።

መንገድ 28 ላይ የኋላ ቀኝ ጎማ ተኛ። ነፋሱ መውረድ ከጀመረ ስንት ቀኑ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ዳር ያዝኩ፣ ክሪክና ስኮርታ አወጣሁ። ሽማግሌው ወርደው አጠገቤ ቆሙ።

«ዛሬ ጠዋት አላየኸውም?» አሉኝ።

«ወረቀቱ ላይ አይቼዋለሁ» አልኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«መስመሩ ሊዘጋ ነው፤ የቀረኝ 13 ቀን ነው» ብዬ ጨመርኩ። ሰበቤ ለራሴም ሲጥመኝ ተሰማኝ።

ያኔ ነው ሥራቸውን የነገሩኝ። ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ውስጥ የመንኮራኩሯን ሙቀት መከላከያ ጡቦች ሲለጥፉ ኖረዋል። 24 ሺህ ገደማ ጡብ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ቅርጽ አለው። ጥፍር ይጭረዋል፤ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ግን ይችላል። በማስቲሽ ከተለጠፈ በኋላ መያዙን ለማረጋገጥ ይሳባል። በ2003 ኮሎምቢያ የምትባለው እህት መንኮራኩር ስትነሳ ከውጭኛው የነዳጅ ታንክ ሽፋን የተገነጠለ ስፖንጅ መሰል አረፋ ግራ ክንፏን መታ፤ ስትመለስ ተበታትና 7 ሰዎች አለቁ። በ1986 ቻሌንጀር በምትባለው ሌላ መንኮራኩር ላይም 7 ሰዎች ሞተዋል። በ2004 ፕሬዚዳንት ቡሽ የጠፈር ጣቢያው ግንባታ ሲያልቅ መንኮራኩሮቹ ይቆማሉ አሉ። ሠራተኛው እንግዲህ ሥራው እንደሚያልቅ እያወቀ 7 ዓመት ሠራ። አስቡት፤ እኔን ሁለት ሳምንት አቅቶኛል።

«አትላንቲስ በምትባለው መንኮራኩር ላይ የቀረን አንድ በረራ ነበር» አሉ። «4 ሰዎች ተቀምጠውባታል።»

አትላንቲስ ጁላይ 21 ቀን 2011 ገና ሳይነጋ አረፈች። ከማግስቱ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ እሳቸውም አሉበት። ይህን ሲነግሩኝ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካኩ ነበር። አንዷ ላልታ ኖሯል። ምንም ሳይሉ ቁልፉን አቀበሉኝ።

ወዲያው ጫጫታ ሆነ። መኪና ሁሉ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። 747ቱ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ዲስከቨሪ ጀርባው ላይ፣ አንድ ትንሽ ነጭ ጄት ከጎን። በፎቶ የማውቃት ነጭ ነበረች። ይቺኛዋ አመድ የነካት ምጣድ መስላለች።

«ምነው አላጠቧትም?» አልኩ።

«ከጠፈር ስትመለስ ያገኛት ቃጠሎ ነው። እንዲሁ እንድትታይ ተዋት።»

ስልክ አላወጡም። እስክትርቅ ድረስ እጃቸውን በግንባራቸው ጋርደው ጎኗን ብቻ ያዩ ነበር። መኪና ውስጥ ስንገባ ከምሳ ዕቃዬ የፋሲካ ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው። በሉ። ሙዚየሙ የሚያሳያት እውነተኛ ሞተሮቿ ተነቅለው መሆኑን፣ ሞተሮቹ ለሌላ ሮኬት እንደሚቀመጡ እየነገሩኝ ደረስን።

አርባ ደቂቃ ዘግይቻለሁ። አለቃዬ ምክንያቱን ጻፍ አለኝ። «ጎማውን ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ» ብዬ ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል።

ኤፕሪል 30 ጠዋት ወረቀቷን የሚሰበስብ ሰው እንኳ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ዞርኩት። የኋላ ግራ ፍሬን መብራት ተቃጥሏል። አምፖል ከጎረቤት ቫን ለምኜ ቀየርኩና ወጣሁ። ማታ ቁልፉን አስረከብኩ።