«ጨጓራዬ ነው» ብለውኝ ነበር

ቨርጂኒያ ውስጥ የኤርፖርት ታክሲ ነው የምነዳው። ተራችንን እየጠበቅን ቡና የምንጠጣበት ክፍል አለ። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ያን ቀን ጠዋት ፊታቸው አላማረኝም። አልቧቸዋል፤ ደረታቸውን ያሻሉ። «ሐኪም ቤት ላድርስዎ?» ስላቸው «ተው የኔ ልጅ፣ ጨጓራዬ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው። እዚያው 911፣ የአሜሪካ የድንገተኛ እርዳታ ስልክ፣ መደወል ነበረብኝ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከወንበራቸው ወደቁ። ትንሽ ተንፈራገጡ። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት ጫር!» አለ። ሌላው ውሃ ይዞ ሮጠ። እኔ ልቡ ለቆመ ሰው ደረት የመጫን ሥልጠናውን ከዓመት በፊት ወስጃለሁ፤ ያውም ለሰርተፍኬቱ ብዬ። ደረታቸውን መጫን ጀመርኩ። ጉሮሯቸው አንዴ ኩርፍ ሲል ግን «ተነፈሱ!» ብዬ አቆምኩ። ሁለተኛው ጥፋት። የ911ዷ ሴትዮ በስልክ «እሱ ትንፋሽ አይደለም፣ ቀጥል!» ብላ ጮኸችብኝ። ለካ ልብ ከቆመም በኋላ እንዲህ ያለ ማንኮራፋት ለጥቂት ደቂቃ ሊኖር ይችላል።

ቀጠልኩ። ክንድ ሳይታጠፍ፣ ደረት መሃል ላይ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እንዴት እንደሚያደክም ያልሞከረው አያውቀውም። ጎድናቸው ቋ ሲል እጄ ሊተሳሰር ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ተፈራረቅን።

አንዱ ልጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኤኢዲ፣ ልብን በኤሌክትሪክ መትቶ ምቱን የሚያስተካክለውን መሣሪያ፣ አመጣ። እኔ እኮ ስድስት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ የእሳት ማጥፊያ ነገር ይመስለኝ ነበር! ሰው ብገድልስ ብዬ ፈራሁ። ግን የልብ ምቱን አንብቦ የሚወስነው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ካላስፈለገ በኤሌክትሪክ አይመታም። አንዴ መታ። እኛም ወዲያው ወደ መጫኑ ተመለስን።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ እኛ ሁሉንም «ልብ ድካም» እንበለው እንጂ ነገሩ ሁለት ነው። መጀመሪያ የልብ ደም ሥር ተዘጋ። ደም ያጣው ጡንቻ ደግሞ የልቡን ኤሌክትሪክ አዘበራረቀው። ያኔ ልብ ደም መርጨቱን ትቶ ዝም ብሎ ይርገበገባል። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ይሉታል። ድንገት የሚገድለው እሱ ነው፤ በተለይ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት። ደረት ሳይጫኑ፣ መሣሪያው ሳይመታ ባለፈ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመዳን ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ጋሼ ተርፈዋል። የተዘጋው ተከፍቶ ስቴንት፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገባላቸው።

እኔ አሁን የትም አዳራሽ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ያቺን ሳጥን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የለችም። ኮሚቴው «እንነጋገርበታለን» ካለ ሦስት ወር አለፈው።