የሌሊት ፓኬጅ

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወጃለሽ?" የምትባለዋን ጥያቄ አልወዳትም። ጠያቂው ክፋት ኖሮት አይደለም፤ መልሱን ስጀምር ፊቱ ላይ የሚመጣውን ስለማውቀው ነው። ጥላሁን፣ ሙሉቀን፣ አስቴር ስል "እሺ" እያለ ይከተለኛል። ወደ ሰሃራ ጊታረኞች፣ ወደ ኦኪናዋ ሴቶች፣ ወደ አይስላንድ ልጆች ስሻገር "አይ፣ አንቺ ያገኘሽውን ነዋ የምትሰሚው" ብሎ ወሬ ይቀይራል። ያገኘሁትን ሁሉ አልሰማም። እንዲያውም አብዛኛውን ግማሽ ሳላደርስ ነው የማጠፋው። መራጭ ነኝ፤ ምርጫዬ በምን እንደሚሄድ ግን ለራሴም የገባኝ ሰሞኑን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ አልበም የወጣበትን ዘመን በኛ ስቀምር ይምታታብኛል።)

አዲስ ባንድ የማገኘው ሌሊት ነው። ምስጢር የለውም፣ የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ ነው። ቤቱ ሲተኛ ኢርፎኔን ሰክቼ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሻገር አመሻለሁ። የወደድኩትን በቴሌግራም ለእህቴ እልካለሁ። እህቴ ሪያድ ናት፤ እሷም ጆሮዋ ነፃ የሚሆነው ሥራ ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ ነው። ሁለታችን ከምንለዋወጠው ሰላምታ ዘፈኑ ይበዛል።

ክሩአንግቢን የሚባሉ ሦስት የሂውስተን፣ ቴክሳስ ሙዚቀኞች አሉ። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አለቀ። የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን የታይላንድ ፈንክ ሰምተው አብደው የራሳቸውን መንገድ ያወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በ2015 ወጣ። አብዛኛው ሥራቸው በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ፣ የማይቸኩል ነው። አንድ ሌሊት እነሱን ሰምቼ ሳልጨርስ ዩቲዩብ ቀጥሎ ያቀረበልኝ ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? የዋልያስ ባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን!

አስቡት እንግዲህ። ዋልያስ ባንድ ማለት እኮ ሂልተን ስንት ዓመት ያስጨፈረ፣ እኛ ቤት በሬዲዮ በየፕሮግራሙ መካከል "ክላሲካል" እየተባለ ሲገባ የኖረ ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ ያንን የሚጫወት ሰው ይኖራል ብዬ እንኳ አላስብም ነበር። ዜና እስኪጀምር የሚሞላ አየር ነበር ለኔ። ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋህደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ታክሲ መንዳት ነው የያዙት። ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናቸው የኋላ ኮፈን ውስጥ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቷን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተማት፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም ይዘው ብቅ አሉ። እኔ እናቴ ቤት ሳሎን የነበረውን ሙዚቃ ለማግኘት በታይላንድና በቴክሳስ ዞሬ መጣሁ። እህቴ ይህን ስነግራት "ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል" ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ጆሮዬ ጉዳይ ልመለስ። የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ የምለው፣ በወጣትነቱ ክራር ይመታ ነበር። ባለሙያ ሆኖ መድረክ ላይ አልወጣም፤ ግን ቅኝት፣ ማለት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል የሚባለው የአምስት ድምፅ ምርጫ፣ አያመልጠውም። እሁድ እሁድ ቤቱ ስሄድ የሳምንቱን ግኝቴን አሰማዋለሁ። ኢርፎን በጄ አይልም፦ "ይቺን ጆሮዬ ውስጥ አልወትፍም።" ስልኬን ተቀብሎ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ያቆማታል። ድምፁ ይጎላል፣ ትንሽም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አገሩን ሳልነግረው ቅኝቱን እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ጨዋታችን ይህ ነው።

መጀመሪያ የፈተንኩት በቲናሪዌን ነበር። ከማሊ ሰሜን የመጡ ቱዋሬጎች፣ የሰሃራ በረሃ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ኢብራሂም አግ አልሃቢብ ትንሽ ልጅ ሳለ በ1963ቱ የቱዋሬጎች አመፅ ጊዜ አባቱ ተገድሎበታል፣ በስደት አልጄሪያ አድጓል፣ የመጀመሪያ ጊታሩን ከጣሳ፣ ከዱላና ከብስክሌት የፍሬን ሽቦ ነው የሠራው። ባንዱ የተሰባሰበው በ1979 ሲሆን ሙዚቃቸው ለዓመታት በካሴት ብቻ ነበር በረሃውን የሚያቋርጠው። ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሰው በነፃ ይቀዱለት ነበር። እኛም እኮ የምንወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ዘርዝረን፣ ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት እየሄድን ነበር የምናስቀዳው፤ በነፃ ግን አይደለም። ቲናሪዌን በ2012 ግራሚ ወሰዱ። ከነሱ በኋላ የመጣው የኒጀሩ ምዱ ሞክታር ደግሞ፣ በግራ እጁ ጊታር የሚመታው ልጅ፣ ዘፈኖቹ በሞባይል ሜሞሪና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፉ ነው ስሙ የተሰማው።

ጋሼ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሰማም። "ባቲ" አለ፣ "ማይነሩ።" ክራሩን ከግድግዳው አውርዶ አንድ ሁለት ክር ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረገና አብሯቸው ገባ። ማሊና ኒጀር የት እንዳሉ አልጠየቀም። "ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ግን ከበሮ የሚመታላቸው ቶሎ ይሰለቻል" ብሎ ቡናውን አነሳ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ የማይለወጥ ምት ነው ሌሊት የሚይዘኝ።

እውነተኛው ጉድ የመጣው ከኔኔስ ጋር ነው። ኔኔስ በ1990 የተመሠረተ፣ በጃፓን ደቡብ ካሉት ከኦኪናዋ ደሴቶች የመጣ የሴቶች ቡድን ነው፤ የደሴቶቻቸውን የባላገር ዜማ ይዘው ኪቦርድና ከበሮ የጨመሩበት። አብሯቸው ሳንሺን የሚባል በእባብ ቆዳ የተለበጠ ባለ ሦስት ክር መሣሪያ አለ። እኔ ሌሊት ስሰማቸው ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር "አውቀዋለሁ" አለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም። እሁድ ብርጭቆው ውስጥ አቆምኳቸው።

ጋሼ ዝም አለ። ጣቱን ጉልበቱ ላይ እያነካካ ይቆጥራል። ክራሩን ወሰደ፣ ቃኘ፣ አዳመጠ፣ እንደገና ቃኘ። ከዚያ "አንቺ ልጅ" አለኝ፣ "ይሄ የማን አገር ባቲ ነው?"

ቤት ገብቼ አገላብጬ አየሁት። የኦኪናዋው ቅኝት ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። የባቲ ሜጀርም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አንድ ድምፅ አይጎድልም፣ አንድ አይተርፍም። ወደ ዋናው ጃፓን ሲኬድ ደግሞ ሻሚሰን በሚሉት የክር መሣሪያ ዜማዎቻቸው ላይ የሚገኘው አንዱ ቅኝት ከአምባሰል ጋር ይገጥማል፤ ኮቶ የሚሉትን ሌላ የክር መሣሪያ የሚቃኙበት አንዱ መንገድ ከትዝታ ማይነር ጋር። ቀጥሎ ባለው እሁድ ይህንን ሳወራ ቡና ሊጠጡ የመጡት የጋሼ ጎረቤት "ይሄማ ግልጽ ነው፣ ኮሪያ የዘመቱት በጃፓን ሲያልፉ ያመጡት ነው" አሉ። ጋሼ ሲኒውን አስቀምጦ "ይሄኔ ባቲ ከተማንም በመርከብ ጭነው አመጧት ይሉናል" አላቸው። ቃኘው ሻለቃ ከመዝመቱ በፊት ስንት ትውልድ አዝማሪ በአምባሰል ሲያለቅስ ኖሯል።

እኔ እንደሚመስለኝ የመጣም የሄደም የለም። አሥራ ሁለት ድምፅ አለ፤ ከዚያ ውስጥ አምስት ብቻ የሚመርጥ ሕዝብ ሲበዛ፣ ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች ያንኑ አምስት ቢመርጡ አይገርምም። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጋሼ ሁለተኛ ዘፈናቸው ላይ እጁ ተያያዘበት። ኖታው በእጁ ነው፣ ግን ሴቶቹ ድምፃቸውን ድንገት ወደ ላይ ሰብረው ይመልሱታል፣ የኛ ዘፋኝ አጥፎ የሚያንቀጠቅጠውን እነሱ ቀጥ አድርገው ይተዉታል። "ቤቱ የኛ ነው፣ እቃው ሁሉ የሌላ" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገው ይኸው ሆነ፦ ጆሮዬ የሚያውቀው ቤት፣ የማያውቀው እቃ።

በዚህ ሚዛን ሳየው ለምን አንዳንዱ ባንድ እንደሚሰለቸኝም ገባኝ። ዛሬ የኛን የ1960ዎቹና የ70ዎቹን ሙዚቃ የሚጫወቱ የፈረንጅ ባንዶች በየከተማው አሉ፤ ፓሪስ፣ ጄኔቫ፣ ሊዮን። ከኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ተምረው ጥሩ አድርገው ይጫወቱታል፣ ክብር ይገባቸዋል። የፓሪሱ አካሌ ውቤ ከግርማ በየነ ጋር በ2017 ያወጣውንማ እወደዋለሁ፤ ግርማ ራሳቸው አሉበትና። ብዙዎቹ ግን ቤቱንም እቃውንም የኛኑ መልሰው ያሳዩኛል፣ በደንብ ተወልውሎ። ያኔ ለምን ዋናውን አልሰማም?

የኔዘርላንድ ፓንክ ሮከሮቹ ዘ ኤክስ ግን ሌላ ናቸው። በ1979 የተመሠረተ፣ ጊታር የሚጮህበት፣ ዜማ የሚሸሽ ባንድ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ፉከራና ሽለላን በሳክስፎን ያወጡ ሰው። ሁለቱ በ2006 አብረው አልበም ሠሩ፣ በ2012ም ደገሙት። በወረቀት ላይ ቢነግሩኝ "ይሄማ ጠብ ነው" እል ነበር። ሳዳምጠው ግን ሽለላ ድሮም ጨዋ ሙዚቃ እንዳልነበረ ትዝ አለኝ። ሽለላ እኮ ጦር የሚነቀንቅ፣ መሬት የሚረግጥ፣ ጎረቤት የሚያስደነግጥ ነገር ነው። የጥንቱ ቀረጻ ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን ነበር የሚሸልለው፤ እዚህ ጊታሮቹም ከኋላው ይፎክራሉ። ጌታቸው በ2016 አረፉ። ጋሼ ይሄንን እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው የሰማው። አስተያየት አልሰጠም፣ "ድገሚው" ብቻ።

ሁሉም በቅኝት አይፈታም፣ ይሄንን ልደብቅ አልፈልግም። ሲጉር ሮስን ምን ልበል? የአይስላንድ ልጆች ናቸው፤ ዘፋኙ ጊታሩን ቼሎ በሚባለው ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ ደጋን እየሳበ እንደ ማሲንቆ ያስለቅሰዋል። በ2002 ያወጡት አልበም ስም የለውም፣ ሽፋኑ ላይ ሁለት ቅንፍ ብቻ ነው ያለው። የሚዘፈነውም ቋንቋ አይደለም፤ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። ለእህቴ ላክሁላት።

"ምን ይላል?" አለችኝ በድምፅ መልእክት።

"ምንም አይልም።"

"ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?"

ልክ ናት። ለኛ ሰው ዘፈን ማለት መጀመሪያ ግጥም ነው፤ ዜማው እስኪመጣ እንኳ አንጠብቅም፣ "ምን አለ? ምን አለ?" ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ "ይሄ ደረሰኝ የት ገባ፣ ያ ቁጥር ለምን አልገጠመም" ስባባል ውዬ እገባለሁ። ማታ ማንም ምንም እንዲለኝ የማልፈልግበት ሰዓት አለ። ለዚያ ሰዓት እነዚህ ልጆች ይበቁኛል። እህቴ እስካሁን አልገባትም፤ ደግሜ አልላክሁባትም።

እሷ በተራዋ የላከችልኝ ደግሞ ከሪያድ ጎረቤቷ፣ ከአንዲት ሱዳናዊት የተቀበለችውን ነው። የሱዳን ዘፈን ለኛ አዲስ አይደለም፤ ወርዲን ቃሉን ሳያውቅ አብሮ የሚያንጎራጉር አዲስ አበቤ ሞልቷል። ይሄ ግን ስኮርፒዮንስ ይላል። ስሙን ስፈልግ በዚሁ ስም የሚጠሩት ፀጉረ ረጃጅሞቹ የጀርመን ሮከሮች ተግተልትለው መጡብኝ፣ እነሱን አልፌ ነው የካርቱሞቹን ያገኘሁት። ከዘፋኙ ሰይፍ አቡበከር ጋር በ1980 ኩዌት ውስጥ ያሳተሙት አልበም በ2018 በርሊን ባለ አሳታሚ እንደገና ወጥቷል። ትራምፔትና ሳክስፎኑ እንደኛ የድሮ ባንዶች ነው፣ ምቱ ግን ወገብ ላይ ነው የሚይዘው። ቢሮ በኢርፎን እየሰማሁ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲመታ የተመለከተች ባልደረባዬ አንዱን ጆሮ ተቀበለችኝና እስከ ምሳ ሰዓት አልመለሰችልኝም። እስከ ዛሬ ካካፈልኳት የተቀበለችኝ ይህችን ብቻ ነው።

አሁን የያዝኩት አልቲን ጉን ነው። አንድ የኔዘርላንድ ቤዝ ተጫዋች ኢስታንቡል ሄዶ በ70ዎቹ የቱርክ ሙዚቃ ይለከፍና ቱርክኛ የሚዘፍን ሰው በፌስቡክ ማስታወቂያ አውጥቶ ይፈልጋል፤ ባንዱ የተቋቋመው እንዲህ ነው። የሚጫወቱት አብዛኛው የቱርክ ባላገር ዘፈን ነው፣ በዲስኮ ምት። ሳዝ የሚሉት አንገተ ረጅም መሣሪያ አላቸው፤ አንዳንድ ድምፁ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ነው የሚወድቀው። መጀመሪያ ሲሰሙት የተሳሳቱ ይመስላል፣ ሲደጋገም ግን ያለዚያ ድምፅ ዘፈኑ ባዶ ይሆናል። ለኔ እዚህ እቃው ብቻ ሳይሆን ቤቱም ሌላ ነው፣ ግን ማጥፋት አልቻልኩም። በዚህ እሁድ ጋሼ ዘንድ እወስደዋለሁ። እህቴ "ስልክሽን ከብርጭቆው አውጥቶ ነው የሚመልስልሽ" ብላለች። እኔ ግን ክራሩን ያወርዳል ባይ ነኝ፤ የት ላይ እንደሚቃኘው ነው ለማየት የቸኮልኩት።