ከኪሴ የማትለየው ሰንጢ

ሰንጢ መግዛቴን በስልክ ለእናቴ የነገርኳት ቀን ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ከማን ተጣልተህ ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ አገር ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የሰፈር ዱርዬ ነው። ቢላ የጓዳ ነው፣ ሰንጢ የጠብ። ለካርቶን መክፈቻ ነው ብዬ ባስረዳትም ብዙም አልተዋጠላትም።

ሥራዬ ግን እውነትም ካርቶን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ዕቃ ተቀባይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የጤፍ ዱቄት ከረጢት፣ የሽሮና የበርበሬ ካርቶን፣ የቡና ጆንያ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የታሸገ ውኃ ይመጣል። ሁሉም የሚከፈተው በእኔ እጅ ነው። የሱቁ ካርቶን መቁረጫ ደግሞ ሲፈለግ የለም። አንዱ ወስዶት ነው፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ ረስቶት ነው። ስለዚህ የራሴን ልያዝ አልኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ትልቅና ወፍራም ነበር። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ግን ከ150 ግራም በላይ ይመዝናል። ሱሪዬን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ስቀመጥ ጭኔን ይወጋኛል። በሁለተኛው ሳምንት መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። መኪና ውስጥ ያለ ሰንጢ ደግሞ ካርቶን አይከፍትም። ያኔ ነው ክብደት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን እንደነበረበት የገባኝ። እኔ ግን ስመርጥ ያየሁት የብረቱን ዓይነትና መልኩን ብቻ ነበር።

ሁለተኛዋ ሲቪቪ የተባለ ቢላ አምራች የሚሠራት፣ ኤለመንተም የምትባል ሰንጢ ናት። ስለቷ 2.96 ኢንች፣ ማለትም 7.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እጀታዋ ጂ-10 ከሚባለው ከመስታወት ክርና ከሙጫ ተጨምቆ ከሚሠራው ነገር ነው። ክብደቷ 80 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል ከ55 እስከ 60 ግራም ስለሚሆን፣ ከአንድ እንቁላል ከፍ ብላ ከሁለት ታንሳለች ማለት ነው። ኪሴ ውስጥ መኖሯን የማስታውሰው ስፈልጋት ብቻ ነው። ከሌላው ነገሯ ሁሉ የምወድላት ይህንን ነው።

አከፋፈቷን ላስረዳ። ታጥፋ ሳለ ከእጀታው ጀርባ ትንሽ ጆሮ የመሰለች ብረት ወጣ ብላ ትታያለች። ፍሊፐር የሚሏት እሷን ነው። በሌባ ጣት ጫን ስትላት ስለቱ ይሽከረከርና ቀጭ ብሎ ይከፈታል። ሞላ የላትም። ስለቱን ዘግታ የምትይዝ ትንሽ የብረት ኳስ አለች። ኳሷ እስክትለቅ የጣትህ ጉልበት ይጠራቀማል፣ ስትለቅ በአንዴ ይፈታል። ማጠፊያው ላይ ኩሽኔታ ስላለው ደግሞ ምንም አይይዘውም። ከተከፈተች በኋላ ያቺ ጆሮ ከስር ትመጣና እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ትከላከላለች። በአንድ እጅ ካርቶን ይዞ በሌላው መክፈት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለቱ ሲከፈት እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ብረት ከጎን ገብታ ከኋላው ትደግፈዋለች። ላይነር ሎክ ይባላል። ዛሬ ባለው መልኩ ያበጃት ማይክል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ ቢላ ሠሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ። ለማጠፍ ያቺን ብረት በአውራ ጣት ወደ ጎን ትገፋለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል፣ እኔም እፈራ ነበር። ዘዴው ሌባ ጣትን ጆሮዋ በምታርፍበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። ስለቱ ሲወርድ መጀመሪያ ጣትህን የምትነካው ድልዱሟ ጆሮ ናት። ከዚያ ጣትህን አውጥተህ ቀሪውን ትዘጋለህ።

እኔን የቆረጠኝም መታጠፏ አልነበረም። በሁለተኛው ወር አካባቢ ነው። የፕላስቲክ ማሰሪያ በግራ እጄ ይዤ፣ ስለቱን ወደ ራሴ እየሳብኩ እቆርጥ ነበር። ማሰሪያው በድንገት ተበጠሰና ስለቱ መጥቶ የግራ ሌባ ጣቴ ሥር ገባ። አራት ስፌት ሆነ። ሁልጊዜ ከራስ ወደ ውጭ መቁረጥ እንዳለብኝ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ። ግን ቸኩዬ ነበር። ጫኝዎቹ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አሁን የታሰረ ነገር ስቆርጥ መጀመሪያ እግሬን አስተካክዬ እቆማለሁ፣ ሌላውን እጄን ከስለቱ መንገድ አወጣለሁ፣ ከዚያ ነው የምቆርጠው። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ሌላው ስህተቴ ከሎሚ ጋር ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ በሰንጢዋ ሎሚ ቆረጥኩና በሶፍት ጠራርጌ ኪሴ ከተትኳት። በማግስቱ ስከፍታት ስለቱ ላይ ግራጫ ነቁጣዎች ወጥተዋል። የእኔዋ ብረት ዲ2 ይባላል። 12 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው፣ ስለዚህ አይዝግም ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ዲ2 ካርቦኑም ብዙ ነው፣ 1.5 በመቶ ገደማ። ከክሮሚየሙ ከፊሉ ከካርቦኑ ጋር ተጣብቆ ጠንካራ ቅንጣት ይሆናል። ስለቱን ቶሎ እንዳይደንዝ የሚያደርገው ያ ቅንጣት ነው። ዝገት ለመከላከል የሚተርፈው ግን ያንሳል። ነቁጣዎቹን በቤኪንግ ሶዳና በውኃ አሽቼ ብዙውን አስለቀቅኩት። ሁለቱ ግን አሁንም አሉ። ምግብ ከነካች በኋላ ወዲያው ታጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ለምግብ የማይጎዳ የማዕድን ዘይት መቀባት ነው። በቃ።

አሳሳሏን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ ቢላዋን ደጃፍ ላይ ባለች ድንጋይ ስትስል አያለሁ። ድንጋይ ባይኖር የስኒ ቂጥ ላይ ታደርገዋለች፣ ያ ያልተለሰነው ሻካራ ክብ ላይ። እሱን ለፈጣን ማስተካከያ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ለዲ2 ግን ብቻውን አይበቃም፣ ብረቱ ይታገላል። የአልማዝ መሳያ ስገዛ ነው የተገላገልኩት። በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ አዘንብዬ ነው የምስላት። ዲግሪውን በዓይን መገመት ግን ይከብዳል። የረዳኝ ማርከር ነው። ጠርዙን በጥቁር ማርከር ትቀባለህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ትስላለህ፣ ከዚያ ታያለህ። ጥቁሩ ከላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም አስተኝተኸዋል፣ ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ አቁመኸዋል። ሙሉው ሲለቅ ልክ ነህ። መጨረሻ ላይ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትኩ አለሰልሳታለሁ። የጋዜጣ ወረቀት ሳይቀደድ ከተቆረጠላት ደርሳለች።

ክረምት ላይ አከፋፈቷ እየዘገየ መጣ። ጆሮዋን ስጫን ስለቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ብሎኑ ጠብቆ ይሆናል ብዬ አላላሁት፣ ይባስ ብሎ ስለቱ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ማታ ቤት ወስጄ ነጭ ፎጣ ላይ ፈታኋት። ከመፍታቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ይህ ያዋጣል። ኩሽኔታው ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። የጤፍ ዱቄትና የበርበሬ ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ዘይት አብዝቼ እቀባት የነበረው እኔ ነኝ። ዘይቱ ነው ዱቄቱን የሰበሰበው። በአልኮል አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ አንድ ጠብታ ብቻ አደረግኩና መልሼ ገጠምኩ። የማጠፊያውን ብሎን በሩብ ዙር እየጨመርኩ፣ ስለቱ የማይወዛወዝበት ግን በነፃነት የሚወድቅበት ቦታ ላይ አቆምኩት። እነዚህ ብሎኖች ቶርክስ የሚባሉት፣ ጭንቅላታቸው የኮከብ ቅርጽ ያለው ናቸው፣ ተራ ካቻቪቴ አይገባቸውም። በማይሆን ካቻቪቴ ከታገሏቸው ጭንቅላታቸው ይበላል።

ስለ ሕግ አጠር አድርጌ ልበል። አንድ ጊዜ ጓደኛዬን ለዜግነት ጉዳይ ወደ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሸኝቼው በር ላይ ተመልሻለሁ። ፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ያለ ችግር የሚገባው የኪስ ቢላ ስለቱ ከ2.5 ኢንች በታች የሆነ ነው። የእኔዋ ከዚያ ትረዝማለች። አውሮፕላን ላይም በእጅ ሻንጣ አትገባም፣ በሚጫነው ሻንጣ ግን ትሄዳለች። እህቴ ጋ ለንደን ስሄድ ደግሞ ጭራሽ ቤት ትቻት ነው የሄድኩት። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠና የማይቆለፍ ታጣፊ ቢላ ነው። የእኔዋ በርዝመቷ ትፈቀድ ነበር፣ ግን ትቆለፋለች።

ከሕግ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን የሰው ስሜት ነው። አንድ ቀን እትዬ የምንላቸው ደንበኛችን አጠገቤ ቆመው ሳላያቸው ቀጭ አድርጌ ከፈትኳት። «በስመ አብ!» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ የእናቴ ዝምታ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ካለ በሁለት እጄ፣ ቀስ ብዬ ነው የምከፍታት። ያ ድምፅ ለእኔ ደስ ይላል። ለሌላው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴ መጣች። ሻንጣዋ በገመድ ዙሪያውን ተጠፍሮ፣ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ሳሎን መሐል ተንበርክካ በጥርሷ ልትፈታው ስትታገል «ቢላ የለህም?» አለችኝ። ከኪሴ አወጣሁና በሁለት እጄ ከፍቼ፣ በእጀታው በኩል ሰጠኋት። ገመዱን ቆረጠችው፣ ከዚያ በርበሬ የያዘውን ላስቲክ፣ ከዚያ የቅቤውን ማሸጊያ። ስትጨርስ ስለቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። በመዳፏ ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረገቻት።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለች። «ቀላል ናትኮ።»