ማለስለሻ ወይስ ማጣሪያ? ከድሬዳዋ ውሃ ተነስቶ

በድሬዳዋ ቤት የሠራ ወይም ያደሰ ሰው፣ ቧንቧው ከተዘረጋና ሮቶው ከተሰቀለ በኋላ፣ ለውሃው ማለስለሻ (ድንጋይ የሚሠራውን ካልሲየም ከውሃው የሚያወጣ ዕቃ) ይግዛ ወይስ ማጣሪያ የሚለውን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ለእኔም በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ፣ ሁለቱ ዕቃዎችም በገበያ ላይ «ማጣሪያ» በሚል አንድ ስም ሲጠሩ ስለምሰማ፣ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ወሰንሁ። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ማለስለሻ የሚጠብቀው በዋናነት ዕቃን ነው፤ በትክክል የተመረጠ ማጣሪያ ግን የሚጠብቀው ሰውን ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቤተሰብ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለሚጠጣው ውሃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የትኛው ማጣሪያ እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ግን የሻጩ ምክር ሳይሆን ውሃው ራሱ ነው።

ድሬዳዋ ውሃዋን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው። በከተማዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እዚህ የተተከሉትም ይኸው ድንጋይ በቅርብ ስላለ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ታች ሲሰርግ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በመንገዱም ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ከጉድጓድ ይደርሳል። ጠንካራ ውሃ የምንለው ይህን ነው። ውሃው ሲፈላ ደግሞ ሂደቱ ይገለበጣል፦ ጋዙ ይወጣል፣ የሟሟውም ካልሲየም እንደገና ድንጋይ ይሆናል።

ለጥቂት ሳምንታት ያልታጠበ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ብርሃን ያዘነበለ ሰው ይህንን በዓይኑ ያያል። የታችኛው ብረት በነጭ ንጣፍ ተሸፍኗል፤ ንጣፉ ዳር ዳሩን ተሰነጣጥቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይነሣል፣ በጥፍር ሲፋቅም ስስ ስባሪ እየሆነ ይረግፋል። ኮምጣጤ ሲፈስበት ወዲያው ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ይንሻሻል፤ አረፋው ድንጋዩ ሲሟሟ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከቆይታ በኋላ ታጥቦ ሲደፋ ብረቱ እንደገና ያንጸባርቃል። ይህ ንጣፍ በማንቆርቆሪያ ብቻ አይወሰንም፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ማሞቂያ ላይ ይጋገራል፣ የሻወሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ሙቀትን ስለሚያግድም የኤሌክትሪክ ፍጆታን ይጨምራል። ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ፣ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ እንዳይበስሉ፣ ሻይ ላይ ስስ ቆዳ መሳይ ነገር እንዲንሳፈፍ የሚያደርገውም ይኸው ካልሲየም ነው።

ሰውን ይጎዳል ወይ ለሚለው ግን መልሱ የተለየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው የገደብ መጠን የለም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። «ጠንካራ ውሃ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል» የሚለው በሰፊው የሚነገር ስጋትም በማስረጃ የጸና አይደለም። እንደ ድሬ ባለ ሞቃት ከተማ ለጠጠር በእርግጥ የሚያጋልጠው ውሃ በበቂ መጠን አለመጠጣት ነው፤ በዚህ ወሬ ምክንያት የቧንቧ ውሃ መጠጣት የሚቀንሱ ሰዎች ስላሉ ይህንን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ።

ማለስለሻው እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን ወሰኑም ግልጽ ይሆናል። በማለስለሻው ረጅም ጋን ውስጥ ስፋታቸው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ሬዚን የሚባሉ ፕላስቲክ መሳይ እንክብሎች ተሞልተዋል። እንክብሎቹ ሶዲየም ይዘው ይጠብቃሉ፤ ውሃው ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሶዲየማቸው ሲያልቅ ከጎን ካለው በርሜል በሚመጣ ጨው በበዛበት ውሃ ይታጠባሉ፣ የያዙትም ካልሲየም በፍሳሽ ይወጣል፤ ከዚያ ሥራው እንደገና ይጀምራል። እንግዲህ ማለስለሻ አንዱን በሌላው ይለውጣል እንጂ ውሃውን አያጣራም። ተህዋስያንን አይገድልም፣ ፍሎራይድን አይዝም፣ ክሎሪንን አያስወግድም፤ ድፍርስ ውሃ ከገባበት ራሱም ይበላሻል።

የሚለቀው ሶዲየም በስሌት ሊታይ ይችላል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ጥንካሬ፣ በካልሲየም ካርቦኔት (በኖራ ድንጋዩ ዋና ንጥረ ነገር) ሲለካ፣ 0.46 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይገባል። በተለመደው ምደባ ከ60 ሚሊግራም በታች ያለው ለስላሳ፣ ከ180 በላይ ያለው በጣም ጠንካራ ይባላል። ጥንካሬው 400 የሆነ ውሃ ቢለሰልስ በሊትር 184 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል ማለት ነው፤ በቀን 2 ሊትር የሚጠጣ ሰው 368 ሚሊግራም ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም ይመክራል። ለጤነኛ ሰው ይህ ጭማሪ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ደም ግፊት ያለበትና ጨው ቀንስ የተባለ አባት ወይም እናት ባለበት ቤት ግን የሚናቅ አይደለም። ስለሆነም ማለስለሻ የሚያስገባ ሰው የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ከማለስለሻው በፊት እንዲነጥልለት ለቧንቧ ሠራተኛው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ይህን ማስተካከል ውድ ነው።

ማጣሪያ የሚለው ስም ደግሞ የተለያየ አቅም ያላቸውን ዕቃዎች ያጠቃልላል። ነጩ የክር ወይም የስፖንጅ መሳይ ማጣሪያ አሸዋና ዝገት ይይዛል። የከሰሉ ማጣሪያ ክሎሪንን፣ ሽታንና አንዳንድ ኬሚካሎችን ይቀንሳል፤ ጥንካሬን ግን አይነካም፣ በወቅቱ ካልተለወጠም የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። አልትራ ፊልትሬሽን የሚባለው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሽፋን ባክቴሪያን ያስቀራል፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። አልትራቫዮሌት መብራት ተህዋስያንን የሚገድለው ውሃው ጥርት ያለ ሲሆንና መብራት ሲኖር ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው፣ ፍሎራይድና ናይትሬት በሰፊው የሚቀንሰው አርኦ በመባል የሚታወቀው፣ ውሃን በግፊት በረቂቅ ሽፋን የሚያሳልፈው መሣሪያ ነው።

ናይትሬትን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት በአሳሳቢነት ተነሥቷል፤ ውሃው ከሚሰርግበት መሬት በላይ የናይትሬት ምንጭ የሆኑ መጸዳጃ ጉድጓዶች ያሉት ከተማ ሰፍሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ገደቡ በተለይ የሚጠብቀው በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የሚወስዱ ጨቅላዎችን ነው። ናይትሬት አይሸትም፣ አይታይም፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ምልክት አይተውም፤ ሲፈላ ውሃው ስለሚተን መጠኑ ጭራሽ ይጨምራል። በሚታየው ነጭ ድንጋይ ተጨንቀን የማይታየውን እንዳንዘነጋ እሰጋለሁ።

የስምጥ ሸለቆው ውሃ ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያስረዳል። በወንጂ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ ያለው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ስፍራ በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ ሶዲየም ይበዛዋል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። ፍሎራይድ ግን በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ገደብ የሚያልፍባቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው፦ ካልሲየም በበቂ ባለበት ፍሎራይድ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል፣ ካልሲየም ሲያንስ ግን ሟሙቶ ይቀራል። በሳሙና አረፋ የሚደሰት ቤተሰብ የልጆቹ ጥርስ እየበለዘ ሊያድግ ይችላል፤ መጠኑ ከፍ ሲልና ዘመናት ሲቆጠሩ አጥንትና መገጣጠሚያም ይጎዳል። ለዚህ ውሃ ማለስለሻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ተራ የከሰል ማጣሪያም አያድንም። የሚረዳው አርኦ፣ ወይም ለዚሁ ሲባል ከተቃጠለ አጥንት የሚዘጋጅ ከሰል፣ ወይም አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው ፍሎራይድን የሚይዝ ጥራጥሬ መሳይ ነገር ነው። አዲስ አበባም ቢሆን እንደ ሰፈሩ ይለያያል፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የዝናብ ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ጋር አንድ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ምርመራ ይቅደም። በንጹሕ ጠርሙስ ትንሽ ውሃና ጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ጠብታ አድርጎ መነቅነቅ ጥንካሬን በግምት ያሳያል፤ ውሃው ነጣ ብሎ ከደፈረሰና አረፋው ካልቆመ ጠንካራ ነው። ናይትሬት፣ ፍሎራይድና ተህዋስያን ግን ላቦራቶሪ ይፈልጋሉ፤ የተህዋስያኑ ናሙና ከሮቶው በኋላ ካለው ቧንቧ ቢወሰድ ይሻላል፣ ንጹሕ ሆኖ የገባ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ሮቶ ውስጥ ይበከላልና። አንዳንድ ሻጭ በእጁ የሚይዘውን የቲዲኤስ መለኪያ ነክሮ ከፍ ያለ ቁጥር ሲያሳይ መደንገጥ አያስፈልግም። መሣሪያው የሟሟ ጨውን በጥቅሉ ይገምታል እንጂ ጎጂውን ከማይጎዳው አይለይም፤ የለሰለሰ ውሃም ካልሲየሙ በሶዲየም ስለተተካ ብቻ ቁጥሩ እምብዛም አይወርድም።

ለድሬ ቤት የምመርጠውን ልግለጽ። ናይትሬቱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ መግቢያው ላይ የአሸዋና የዝገት ማጣሪያ፣ ወጥ ቤት ላይ ከሰልና አልትራ ፊልትሬሽን ይበቃሉ። ናይትሬቱ ከፍ ካለ በወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር የሚገጠም አነስተኛ አርኦ ተገቢ ነው፤ እርሱ ካልሲየሙንም ስለሚያወጣ የማንቆርቆሪያው ችግር አብሮ ይቀላል። ዋጋው ግን በደንብ ይታሰብ። ሮቶ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ብቻ ነው፣ አርኦ 3 ባር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፓምፕና ኤሌክትሪክ ያሻዋል። ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይደፋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለምና የሚደፋውን ለወለልና ለመጸዳጃ ማጠራቀም ያስፈልጋል።

ማለስለሻን ለማን እመክራለሁ? ለሆቴል፣ የቡና ማሽን ለሚያንቀሳቅስ ካፌ፣ ለልብስ ማጠቢያ ቤት፣ እንዲሁም ውድ አርኦ ገጥሞ ሽፋኑ በካልሲየም ቶሎ እየተደፈነ ለሚያስቸግረው ሰው። መቀሌን በመሰለ፣ የኖራ ድንጋይ ላይ ባለና አየሩ ቀዝቀዝ ባለ ከተማ፣ ቦይለር በየቀኑ ስለሚሠራ የቤተሰቡም ስሌት ሊለወጥ ይችላል። ድሬ ላይ ግን ቦይለር ዓመቱን ሙሉ የሚያበራ ቤት ጥቂት ነው፤ ለአንድ ማንቆርቆሪያና ለአንድ የሻወር ራስ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ይበቃል። ማለስለሻ ለሚያስገባ ሁለት ነገር ልጨምር። ጨው ሲገዛ አፈርና ጠጠር የሌለበትን ይምረጥ፣ የማይሟሟው አፈር በርሜሉ ሥር ተከማችቶ ቱቦውን ይደፍናል። ሬዚኑ ሲታጠብ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ ደግሞ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መስመር ይግባ፤ ግቢ ውስጥ ከተለቀቀ አፈሩን ጨዋማ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንጎውም ሎሚውም ይደርቃሉ።