የልብ ደም መላሾችን ቫልቮች በሲቲ ማየት

የተለመደው የኮሮናሪ ሲቲ (የልብ ደም ሥሮች የኮምፒውተር ራጅ ቀረጻ) ለደም ቅዳዎች የተሰላ ስለሆነ ደም መላሾቹ በኮንትራስት (ደሙን በምስሉ ላይ በሚያጎላው የሚወጋ ፈሳሽ) በደንብ ሳይሞሉ ቀረጻው ያልቃል። ቫልቮቹን ለማየት ቀረጻውን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያህል ማዘግየት፣ ከልብ ምት ጋር በኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ መከታተያ) ማቀናጀትና ምስሉን በ0.5 – 0.75 ሚሊሜትር ቁራጭ፣ ተደራራቢ አድርጎ ማዘጋጀት ይሻላል። ወፍራም ቁራጭ የቫልቩን ስስ ሽፋን ይውጠዋል።

የቴቤሲየስ ቫልቭ ኮሮናሪ ሳይነስ (የልብ ደም መላሾች የሚገቡበት ትልቅ ሥር) ወደ ቀኝ አትሪየም (የልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል) በሚከፈትበት አፍ ላይ ነው፤ የቪየሳንስ ቫልቭ ደግሞ ታላቁ የልብ ደም መላሽ ከሳይነሱ ጋር በሚገናኝበት። በሳይነሱ በኩል የፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ሽቦ ለሚያስገባ ሐኪም ሁለቱም እንቅፋት ሊሆኑ ይችላሉ።

አሳሳቹ ነገር ከታችኛው ትልቅ ደም መላሽ የሚመጣው ኮንትራስት የሌለው ደም ነው፤ አትሪየም ውስጥ ሲደባለቅ የሐሰት ሽፋን ይሠራል። እውነተኛው ቫልቭ በሌላ የልብ ምት ደረጃ ሲታይም ከአፉ ጠርዝ አይለቅም። በሲቲ አለመታየቱ ግን የለም ማለት አይደለም።