ማታ ሲደመር ታማ፦ ከእንቆቅልሽ ደብተሬ

ከጥቅምት ወር ጀምሮ በየማታው አንድ የሒሳብ ወይም የቃል እንቆቅልሽ እየፈታሁ በደብተር እመዘግባለሁ። እናንተም የዚሁ ነገር ወዳጆች ስለሆናችሁ እስካሁን ያገኘሁትንና ገና የሚያስቸግረኝን ላካፍላችሁ።

የደብተሩን ገጽ በመሃል በመስመር ከፍዬዋለሁ። በግራ በኩል እርምጃውን፣ በቀኝ በኩል «ለምን?» ለሚለው መልሱን እጽፋለሁ። ወደዚህ ያመጣኝ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። ቦርሳና እስክሪብቶ በአንድ ላይ 1,100 ብር ያወጣሉ፤ ቦርሳው ከእስክሪብቶው በ1,000 ብር ይበልጣል፤ እስክሪብቶው ስንት ነው? ዓይኔን ሳላሽ 100 ብር ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው 100 ከሆነ ግን ቦርሳው 1,000 ነው፤ ልዩነታቸውም 900 ብቻ ይሆናል። ብልጫውን 1,000 ብር አስቀድመን ስናነሳው የቀረው 100 ብር ለሁለቱ እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ እስክሪብቶው 50፣ ቦርሳው 1,050 ብር ነው። የመጀመሪያውን መልሴን «ለምን?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ምክንያት አላገኝም ነበር።

ወንዝ ስለሚሻገሩት ነብር፣ ፍየልና ጎመን ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ሰውየው አንድ አንዱን ብቻ ያሻግራል፤ እርሱ ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏም ጎመኑን ትበላለች። ለእኔ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። ጥያቄው ያልከለከለውን እኔ ራሴ ከልክዬ ነበር፦ አንዴ የተሻገረ አይመለስም ብዬ። መፍትሔው ግን ያለው ፍየሏን መልሶ በማምጣት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው የሰጠኝን ሁኔታ ከራሴ ግምት ለይቼ ከገጹ አናት ላይ አሰፍራለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ፊደል በቁጥር ቦታ የሚቆምበትን ድምር ነው። እንግሊዛዊው የእንቆቅልሽ ሰው ሄንሪ ዱድኒ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው ዝነኛ ድምር አለ፦ «ሴንድ» (SEND) ሲደመር «ሞር» (MORE) እኩል «መኒ» (MONEY)፤ «ተጨማሪ ገንዘብ ላክ» እንደ ማለት ነው። መልሱ 9,567 + 1,085 = 10,652 ነው። እርሱን ስፈታ አንድ ምሽት ሙሉ ቁጥር በመሞከር አሳለፍኩ፤ መልሱን ባገኝም በቀኝ ዓምዴ የተጻፈው ምክንያት ሁለት መስመር አይሞላም ነበር።

ያኔ በእኛው ፊደል ለምን አልሠራም አልኩ። በእኛ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት ስለሚጻፉ ሁለት ፊደል ብቻ ሙሉ ቃል ይሆናል። «ማታ» ሲገለበጥ «ታማ» ነው፤ ሰው በሐሜት ተነሣ ማለት ነው። የጎደለኝ በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጀምርና የሚያልቅ፣ መሃሉ «ታ» የሆነ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነበር። «ይታይ» የሚለው ቃል የመጣልኝ ከሁለት ቀን በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ድንች ስልጥ ነው። ቢላዋውን አስቀምጬ በእርጥብ እጄ ደብተሩን ከፈትኩ፤ የገጹ ጥግ እስከ ዛሬ እንደተጨማደደ ነው።

ማታ + ታማ = ይታይ

አንድ ፊደል አንድ አኃዝ ነው፤ የተለያዩ ፊደላት የተለያየ አኃዝ አላቸው፤ ቃል በዜሮ አይጀምርም። አፈታቱ እንዲህ ነው። ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮች ሁለት ቢደመሩ ከ198 አያልፉም፤ ድምሩ ባለ ሦስት አኃዝ ስለሆነ መጀመሪያው 1 መሆን አለበት፤ ስለዚህ ይ = 1። በአንድ ቤት «ታ» እና «ማ» ሲደመሩ መጨረሻቸው «ይ»፣ ማለትም 1 ነው። ድምራቸው 1 ወይም 11 ነው ማለት ነው። 1 እንዲሆን አንዳቸው ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ሁለቱም ግን ቃል ይጀምራሉ። ስለዚህ 11 ነው፤ 1 ተጽፎ 1 ወደ አሥር ቤት ይሄዳል። በአሥር ቤትም የሚደመሩት እነዚያው ሁለቱ ናቸው፦ 11 እና የመጣው 1፣ 12። የሚጻፈው 2 ነው፤ በዚያ ቦታ ያለው ፊደል ደግሞ «ታ»። ታ = 2 ከሆነ ማ = 9 ነው። 92 + 29 = 121።

አንድም ቁጥር በሙከራ አልገባም። ያን ማታ የቀኝ ዓምዴ ከግራው ረዝሞ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ከእናንተ በቀር የሚረዳኝ ያለ አይመስለኝም።

በቃል እንቆቅልሽ በኩል ጉዞዬ ዘገምተኛ ነው። አሁን የያዝኩት በመጥበቅና በመላላት ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላትን ነው፤ ጽሑፋችን መጥበቁን ስለማያሳይ ለእንቆቅልሽ የተሠራ ይመስላል። ለእህቴ ልጅ ይህን ጠየቅኳት፦ «ሲጠብቅ ሜዳ ይገልጻል፣ ሲላላ መርፌ ይይዛል።» ልጅቱ በመርፌው ጀመረች። መርፌ የሚይዘው ሐኪም ነው፣ ወይም ሰፊ። «ሐኪም» ቢጠብቅም ሜዳን አይገልጽም። «ሰፊ» ግን ፊደሉ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከሁለቱ ፍንጮች ጥቂት መልስ ያለውን መርጣ መጀመሯን ሳይ እኔም ዘዴውን በቀኝ ዓምድ ጻፍኩት። እኔ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ፍንጭ ነበር የምነሳው፤ ሜዳን የሚገልጽ ቃል ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

ገና የሚያስቸግረኝ ቅኔ ነው። ሰሙን አያለሁ፣ ወርቁን ሲነግሩኝ አምናለሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገረኝን እርምጃ በደብተር ለማስፈር ስሞክር ግን ቀኝ ዓምዴ ባዶ ይቀራል። በዚህ የበረታችሁ ካላችሁ አሳዩኝ።

በምትኩ ባለፈው ሳምንት የሠራሁትን ድምር ልተውላችሁ። «ባባ» የሆድ መባባት ነው፣ «ላላ» የገመድ፣ «ማማ» የሰብል መጠበቂያው፣ «ላባማ» ደግሞ ላባ የበዛበት።

ባባ + ላላ + ማማ = ላባማ

መልሱ አንድ ብቻ ነው። መነሻ ይሁናችሁ፦ ሦስት የተለያዩ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ከፍ ቢሉ 99፣ 88 እና 77 ናቸው፤ ድምራቸው ከ264 አያልፍም፤ ስለዚህ «ላ» 1 ወይም 2 ነው። አገር የምትሰጡኝ ብትኖሩ እንኳ ሳምንት ሳይሞላ እንዳትሰጡኝ።