ብርድ ልብሱ ሙቀት የለውም

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ማታ ልትተኛ ስትል «አባዬ፣ መሬት ልትቃጠል ነው እንዴ?» አለችኝ። የሆነ ቪዲዮ አይታ ነው። ደነገጥኩ። ልጅ በዚያ ሰዓት እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ለማወቅ አይደለም፣ ስለፈራ ነው።

«አትቃጠልም» አልኳትና ሁላችንም የተማርነውን፣ አትክልት የሚበቅልበትን የመስታወት ቤት (ግሪንሃውስ) ምሳሌ አመጣሁ። ፀሐይ ትገባለች፣ ሙቀቱ አይወጣም ምናምን። በመስኮቱ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «መስታወቱ የታለ?» እውነቷን ነው፣ መስታወት የለም። ነገሩን ካየነው ምሳሌው ራሱ ልክ አይደለም፤ የመስታወት ቤት በዋናነት የሚሞቀው ውስጡ ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ ስለማያመልጥ ነው፣ ከባቢ አየር ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። «ግሪንሃውስ» የሚለው ስም ግን ከነስህተቱ ለምዶብን ቀረ።

ስለዚህ ብርድ ልብሷን አነሳሁና ወንበሩ ላይ ጣል አደረግኩት። ትንሽ ቆይታ እጇን ከሥሩ አስገባች። ወንበሩ እንደቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ራሷ ተጠቀለለችበት፣ ሞቃት። «ታዲያ ብርድ ልብሱ ሙቀቱን ከየት አመጣው?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ሙቀቱ የኔ ነው!» ብላ ብድግ አለች። ያን ፊቷን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀለለን። መሬት ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይ ነው። ብርሃኑ አየሩን አልፎ ይመጣና መሬቱን ያሞቀዋል፤ የሞቀው መሬት ደግሞ በተራው በዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ አጠገብ ማታ እጅሽን ብታስጠጊ፣ ሳትነኪው ይሞቅሽ የለ? እሱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜቴንና የውሃ ተን ብርሃኑን ያሳልፉትና ይህን ሙቀት ግን ይይዙታል፤ መልሰው ወደየአቅጣጫው ሲለቁት ከፊሉ ወደ እኛ ይመለሳል። የምድር ብርድ ልብስ እነሱ ናቸው።

ይሄ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው። ብርድ ልብሱ ባይኖር የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር፣ አሁን ግን ከዜሮ በላይ 15 አካባቢ ነው። ለልጆች መጀመሪያ መነገር ያለበት ይሄ ይመስለኛል። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከእሳቱና ከጎርፉ ነው፣ ልጁ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ምን እንደሚያጠፋው ይሰማል።

«ታዲያ ችግሩ ምንድነው?» አለች። ችግሩንም አልደበቅኳትም። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ባቃጠልን ቁጥር ብርድ ልብሱ ላይ ሌላ እየደረብን ነው። የኢንዱስትሪው ዘመን ከመምጣቱ በፊት ከ10,000 የአየር ቅንጣቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 3 አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ4 ያልፋሉ።

«አራት ብቻ?»

ጥያቄዋን በጣም ወደድኩት፣ ትልልቅ ሰዎችም የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። ግን የደረቁ አየር 99 በመቶ የሚሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሙቀቱን ዝም ብለው ያሳልፉታል፤ የመያዙ ሥራ የወደቀው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ስለ ዩኒስ ፉትም ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1856 የመስታወት ሲሊንደሮችን በተለያየ አየር ሞልታ፣ ቴርሞሜትር ከትታ ፀሐይ ላይ ያስቀመጠች ሴት ናት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌላው በላይ ሞቀ፣ ከፀሐይ ሲነሳም ቶሎ አልበርድ አለ። ልጄ ይሄን ሁለቴ አስደገመችኝ።

«የደረብነውን ማንሳት አንችልም?» አለች በመጨረሻ። ቶሎ አይነሳም፣ ከለቀቅነው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ለመቶዎች ዓመታት እዚያው ይቆያል አልኳት። መደረቡን ማቆም ግን ይቻላል፣ እሱ በእጃችን ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ትንሽ ተያዘብኝ።

መብራቱን ላጠፋ ስል «ጨረቃስ ብርድ ልብስ አላት?» አለች። የላትም አልኳት፣ ለዚህም ነው ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ የምትግለው፣ ማታ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ የምትበርደው። «ለምን የላትም?» የጨረቃ ስበት ደካማ ስለሆነ አየሩን ይዛ ማቆየት አትችልም፤ ግን ይህን ነግሬ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወስዷታል።